ልጅን ከቅዳሴ የማዳን ጥበብ

የደብረ ብርሃን ወላጆች ምስጋና ይገባቸዋል። እሑድ በማለዳ፣ ያ አጥንት የሚሰረስረው ብርድ ሳይለቅ፣ ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። ካደረሱ በኋላ ደግሞ ቅዳሴው ልጁን እንዳይነካው በብርቱ ይጠብቁታል። በአንድ ጠዋት ሁለቱንም መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው መሣሪያ ሞባይል ነው። አባት ካርቱን ይከፍታል፣ ድምፁን ይቀንሳል (ሥርዓት ያለው ሰው ነው)፣ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ወንዶቹ በኩል ይሄዳል። የአባትነት ድርሻው አለቀ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። ዛሬ ማንጋጠጥ ቀርቷል። ጋቢውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ የልጁ ፊት ቦግ ብሏል።

ባትሪው ካለቀ ብስኩት አለ። ልጁ የሚቆርብ ከሆነ ብስኩቱ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው ነገር ላይ ጠንቃቆች ነን። ያኔ ቁንጥጫ ይተካል። የእኛ አገር እናት ቁንጥጫ በነጠላ ሥር ነው የምትሄደው። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እንዲያውም በዚያችው ቅጽበት «እግዚኦ ተሠሃለነ» እያለች ነው። ልጁም ያንኑ ይላል፤ በራሱ ዜማ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። ባዶ እጁን የተተወ ልጅ ዙሪያውን ያያል። ካየ ይጠይቃል። መጋረጃው ለምን ተዘጋ? ሰው ሁሉ ለምን ወደ ምሥራቅ ዞረ? ዕጣኑ ለምን ይዞራል? 30 ዓመት ያስቀደሰ አባት ልጁ ፊት ሲንተባተብ ማየት ለቤተሰብ ክብር ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ካርቱኑ የሚያድነው ልጁን ብቻ አይደለም።

ስለ ጸጥታ ያለን ስሜትም ሊደነቅ ይገባል። ድምፅ ማጉያው ሌሊቱን ሙሉ የሰዓታቱን ጸሎት እስከ ጠባሴ ሰፈር ሲያሰማ ማንም አልተረበሸም። ቅዳሴ መሃል የአንድ የተከበሩ አባወራ ስልክ ቢጮህም ግድ የለም፤ ጥሪው መዝሙር ነው። እስኪያልቅ እናዳምጠዋለን። የ2 ዓመት ሕፃን ግን «እማ፣ እይ!» ያለ እንደሆነ አንገት ሁሉ ይዞራል። ሥርዓት አስከባሪው ወጣት ይመጣል። በትሕትና፣ ጣቱን ወደ በሩ ቀስሮ፣ «እናትዬ፣ ወጣ በይልን» ይላል። እሷም ትወጣለች። የቀረውን ቅዳሴ ቅጽሩ ውስጥ ልጅ ስታባርር ታሳልፋለች። እንዲህ ሆኖ ሲያበቃ አስቀድሳ መጣች ይባላል።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ባናነሳት ይሻል ነበር። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ያኔውኑ ይቆርባሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ድርገት ሲወርድ፣ ማለትም ቁርባን ሲሰጥ፣ ሰልፉን ተመልከቱት። አብዛኛው ሕፃንና ሽማግሌ ነው። መሃል ላይ ያለነው ጎልማሶች ቆመን እናያለን። ማዕዱ የቀረበው ለሕፃኑ ነው። ረበሽክ ተብሎ የሚወጣውም እሱ ነው። የማንቆርበው እኛ ደግሞ ጸጥታ እናስከብራለን። የሥራ ክፍፍል ይሏል ይሄ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን ጭቃው ሳይበግረን ለገብርኤል ንግሥ እንወጣለን። የቅዱስ ቂርቆስ ታሪክ ይነገረናል። የ3 ዓመት ሕፃን ነበር። የሚፈላው ውኃ ፊት እናቱ ኢየሉጣ ስትፈራ ያበረታት እሱ ነው። ይህን ስንሰማ እልልታችን ይቀልጣል። በእልልታው የደነገጠ የ3 ዓመት ልጅ ካለቀሰ ግን፣ «ምነው ቤት ብታስቀምጪው ኖሮ!»

ውስጥ «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለውን ዲያቆንም አንዳንዴ ቀና ብላችሁ እዩት። ገና ድምፁ ያልጎረነነ፣ ከመንዝ ወይም ከተጉለት ለትምህርት የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሽበታም ሁሉ በእሱ ቃል ይነሣል። የእሱ እኩያ የሆነው የእኛ ልጅ «ምን ይገባዋል፣ ገና ልጅ ነው» ተብሎ ውጭ ጌም ይጫወታል።

እርግጥ ይህን ጥበብ የሚያበላሹ ሰዎች አልጠፉም። አንዲት አያት አሉ። ቅዳሜ ማታ የልጅ ልጃቸውን በጊዜ ያስተኛሉ። ጠዋት ሴቶቹ በኩል ከፊት፣ መጋረጃው በሚታይበት ቦታ ያቆሙታል፤ የሰው ጀርባ ብቻ እያየ እንዳይውል ነው አሉ። ጆሮው ሥር ጠጋ ብለው «አሁን ቃጭሉ ይመታል፣ ያኔ እንሰግዳለን የኔ ጌታ» ይሉታል። ጧፉን የሚያበራው እሱ ነው። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብሯን የሚከታትም እሱ ነው። ሲሰለቸው ይዘውት ይወጣሉ፣ ዛፍ ሥር ትንሽ ያፍታቱታል፣ ከዚያ መልሰው ያስገቡታል! የወጣ ልጅ ይመለሳል እንዴ? እኛ ስንት ዓመት የለፋንበትን ልማድ እኮ ነው የሚያፈርሱት።

ውጤቱ ደግሞ ያስፈራል። ልጁ ቤት ሲገባ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ በገመድ አንጠልጥሎ ቤቱን ያጥናል አሉ። ቡና ላይ የተቀመጠውን ጎረቤት ሁሉ «ተንሥኡ!» እያለ ከዱካ ያስነሣል። አያትየው ይነሣሉ። ስኒያቸውን እንደያዙ።

አንድ እሑድ ታዲያ ነገሩ ባሰ። ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። እኛ ብርዱ ነው መሰለኝ በአፍንጫችን አጉረመረምን። ያ ልጅ ብቻ ደረቱን ነፍቶ፣ ጣራ በሚነካ ድምፅ፣ «ምስለ መንፈስከ!» ብሎ መለሰ። አጠገቡ የነበሩ አንዲት ሴት ዞር ብለው አፈጠጡበት።

«ዝም በል አንተ! ቅዳሴ ላይ እኮ ነን።»