ነርሷ ጊዜ ስታገኝ ሕመምተኛ ይድናል

ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል ገብቶ አልጋ እንደያዘ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጭንቀት "እህል ሳይቀምስ እንዴት ይሆናል?" የሚል ነው። አጥሚት በፔርሙዝ ይመጣል፣ ሾርባ ይመጣል፣ ሕመምተኛው ቀና ተደርጎ በማንኪያ ይጎርሳል። ሁሉም የሚደረገው ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ብዙ ጊዜ የጉሮሮው ጡንቻም አብሮ ይዝላል። ያጎረሱት ወደ ሆዱ መውረዱ ቀርቶ ወደ ሳንባው ይገባል፤ አንዳንዱ ላይ ሳል እንኳ አይታይም። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳት ይነሳል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ የሳንባ ምች ይሆናል። ቤተሰቡም ሕመሙ የጠናበት መስሎት ያለቅሳል።

ይህን ማስቀረት እንደሚቻል በማያወላዳ መንገድ ካሳዩት ጥናቶች አንዱን የመሩት ነርስ ናቸው። አውስትራሊያዊቷ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሳንዲ ሚድልተንና ባልደረቦቻቸው በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የሚገኙ 19 የስትሮክ ማከሚያ ክፍሎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በአንደኛው ወገን ያሉት ነርሶች ሕመምተኛው በገባ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሦስት ነገሮችን አጥብቀው እንዲከታተሉ ሠለጠኑ፤ ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ። ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ይለካል፣ 37.5 ከደረሰ ፓራሲታሞል ይሰጣል። የደም ስኳር በየጊዜው ይታያል፣ ከፍ ካለ ይታከማል። የመዋጥ ችሎታው ሳይፈተን ደግሞ ምግብም ሆነ መጠጥ ወይም ክኒን በአፉ አይገባም። በሌላው ወገን ያሉት ክፍሎች መመሪያው ብቻ ተሰጣቸው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት የጥናትና የሕግ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከ90 ቀን በኋላ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 58 በመቶዎቹ ሞተዋል ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነዋል። ሦስቱ ነገሮች በተሠሩላቸው ዘንድ ይህ ቁጥር 42 በመቶ ነበር። አዲስ መድኃኒት አልገባም፣ አዲስ ማሽን አልተገዛም። እነዚያኑ ሕመምተኞች ለዓመታት ተከታትሎ የተሠራው ጥናትም በሕይወት የመቆየት ብልጫው እንዳልጠፋ አሳየ።

ለእኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ ጥናት ማግኘት ይከብደኛል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ውድ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተሰጠም አይጠቅምም። አብዛኛው ሕመምተኛችን ደግሞ ሪፈር ተጽፎለት፣ መኪና ተፈልጎለት፣ ገንዘብ ተሰብስቦለት የሚደርሰው ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቴርሞሜትርና የስኳር መለኪያ ግን በየሆስፒታሉ ሊኖሩ የሚገባቸውና የሚቻሉ ዕቃዎች ናቸው። የመዋጥ ፈተናውም ለሠለጠነች ነርስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሕመምተኛው በደንብ መንቃቱን ታያለች፣ ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ እንዲስል ትጠይቀዋለች፣ ትንሽ ውሃ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ከዚያ ታዳምጣለች። ካሳለ፣ ትን ካለው ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውሃ እንደያዘ ሰው ድምፅ ከሆነ ታቆማለች።

ተመሳሳይ ነገር በአፍ ንጽሕና ላይም ታይቷል። በ2023 መጨረሻ ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ 15 ጥናቶችን አጣምሮ ሲያይ፣ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ጥርስ በየቀኑ መቦረሽ እዚያው የሚይዛቸውን የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉት ሲሆን፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞት ቁጥርም ቀንሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቆሸሸ አፍ ውስጥ የሚራባው ተህዋስ በተኛ ሰው ምራቅ እየተሳበ ሳንባ ይገባል። መፋቂያ ከአፉ በማይለይበት ሕዝብ መካከል ሕመምተኛ ለሳምንታት ጥርሱ ሳይታጠብ ተኝቶ ማየት ያሳዝነኛል።

ታዲያ እነዚህ ቀላል ነገሮች ለምን አይሠሩም?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ነርሶቻችን ዕውቀት ያንሳቸዋል፣ ሥነ ምግባር ይጎድላቸዋል" የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበልም። አንድ የውስጥ ደዌ ዋርድ ላይ የማታ ተረኛ የሆነችን ነርስ መከተል በቂ ነው። ርክክብ እንዳለቀ የሁሉንም ሕመምተኞች ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ) መለካት አለባት። ከዚያ የምሽት መርፌና ክኒን ይከተላል። መሐል ላይ የአንዱ ካኑላ (ደም ሥር ላይ የሚተከለው የመድኃኒት ቱቦ) የገባበት እጅ ያብጣል፣ የሌላው ኦክስጅን ሊያልቅ ነው ይባላል፣ ከድንገተኛ ክፍል አዲስ ሕመምተኛ ይወጣል። ጥግ ላይ ካለው አልጋ አንዲት እናት ትጣራለች፤ "ሲስተር፣ ውሃ ልስጠው እንዴ? ከንፈሩ ደረቀ እኮ።" ነርሷም እየሮጠች "እናቴ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ" ትላለች። እስክትመጣ ድረስ እናትየዋ ውሃውን ሰጥታለች። ይህች ነርስ ስለ መዋጥ ፈተና ብትጠየቅ አሳምራ ትመልሳለች። ያጣችው ጊዜ ነው።

ተመራማሪዎች ለዚህ ሁኔታ ስም ሰጥተውታል፤ የተዘለለ እንክብካቤ። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ቢያትሪስ ካሊሽ በ2006 ባወጡት ጥናት ነርሶችን ራሳቸውን ጠይቀው በየጊዜው የሚቀሩት ሥራዎች የትኞቹ እንደሆኑ ለዩ። ማገላበጥ፣ ማራመድ፣ በሰዓቱ መመገብ፣ ንጽሕና፣ ማስተማር፣ ማጽናናት፣ በዓይን መከታተል። የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም መርፌ ካልተሰጠ በካርድ ላይ ይታወቃል፣ ሕመምተኛ ካልተገላበጠ ግን የሚጠይቅ የለም። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች መረጃ ላይ የተሠራና በ2018 የወጣ ጥናት የተዘለለው እንክብካቤ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት አደጋው በ16 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ከዚያው መረጃ በአሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ በሊንዳ ኤይከን መሪነት የተሠራውና በ2014 የወጣው ጥናት ደግሞ ዓለም አቀፍ ክርክሩን ቀይሮታል። 300 ሆስፒታሎች፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 422,730 የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ ሲጨመር የሁሉም የመሞት አደጋ በ7 በመቶ ከፍ አለ። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲያድግ ደግሞ በ7 በመቶ ዝቅ አለ። አውሮፓ ሀብታም ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ቺሊ ውስጥ በ40 ሆስፒታሎች የተሠራውና በ2021 የታተመው ጥናትም ያንኑ አቅጣጫ አሳይቷል። በዚያ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዲት ነርስ በአማካይ 14 ያህል ሕመምተኞች ትይዛለች፤ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሕመምተኛ የሞት አደጋው በ4 በመቶ ይጨምራል።

በትክክል መነሳት ያለበት ተቃውሞ አለ። እነዚህ ጥናቶች ሆስፒታልን ከሆስፒታል የሚያወዳድሩ ናቸው፤ ብዙ ነርስ ያለው ሆስፒታል በሌላም ነገር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ግዛት ታሪክ ክብደት የሚኖረው። ግዛቷ በ2016 በተመረጡ ሆስፒታሎች አንድ ነርስ በአማካይ በቀን ከአራት፣ በሌሊት ከሰባት ሕመምተኞች በላይ እንዳትይዝ በሕግ ደነገገች። ተመራማሪዎች ሕጉ የተተገበረባቸውን 27 ሆስፒታሎች ካልተተገበረባቸው 28 ጋር፣ በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። የነርሷ ሸክም በአንድ ሕመምተኛ ሲቀል ሞትም ወደ ሆስፒታል ተመልሶ መተኛትም በ7 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ሰዎች ቶሎ አገግመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነርሶቹን ለመቅጠር 33 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወጣ። በዚህ የተረፈው ወጪ 69 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ።

እኛ ዘንድ በዋርድ ውስጥ ነርሷ ብቻዋን አይደለችም፤ አስታማሚ አለ። ፊት የሚያጥበው፣ የሚመግበው፣ ሽንት የሚደፋው፣ ሌሊቱን መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ ነው። በውጭ አገር ጥናቶች ውስጥ ይህ ሰው የለም፤ የአውሮፓን ቁጥር እንዳለ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጎንደር ማምጣት የማይቻለውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች አስታማሚን የነርስ እጥረት ማካካሻ አድርገው ያዩታል። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው፤ ያልተነገረው አስታማሚ አጥሚቱን የሚያጎርሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤተሰብ ከተመራ ግን ምን ማድረግ እንደሚችል እዚሁ አዲስ አበባ ታይቷል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና አሰየ ካሴ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ የተወለዱ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፉ አደረጉ። በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶዎቹ ሲሞቱ ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያካሄደውና በ2021 የወጣው ትልቅ ሙከራም በተወለዱ ወዲያው መታቀፍ ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የእናት ገላ የሚሠራው ግን አጠገቧ ሕፃኑ መተንፈሱን የምትከታተል፣ አስተቃቀፉን የምታስተካክል፣ ጡት ሲያስቸግር የምታሳይ ነርስ ስትኖር ነው። ለዚህም ጊዜ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታል አመራሮች ነው። በእያንዳንዱ ዋርድ፣ በእያንዳንዱ ተራ፣ አንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ እንደያዘች ይመዝገብ፤ በዋርዱ በር ላይም ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። ይህ በጀት አይጠይቅም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቁመው ደመወዝና የሥራ ሁኔታ እንዲሻሻል ሲጠይቁ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የባለሙያና የመንግሥት ጉዳይ አድርጎ ነበር ያየው። በደመወዙ ቤት ኪራይ መክፈል ያቃታት ነርስ ሙያውን ትታ ስትሄድ የእርሷን ሕመምተኞች ጓደኛዋ ትረከባለች፤ የዚያ ሸክም ዋጋ ምን እንደሆነ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይናገራሉ። ቁጥሩ ካልታወቀ ግን በጀት ሲመደብ ማንም ሊከራከርበት አይችልም።

ሁለተኛው ለነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን ነው። በየዓመቱ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። እጅግ ብዙው መጠይቅ በትኖ የነርሶችን ዕውቀት፣ አመለካከትና ትግበራ የሚለካ ነው፤ መደምደሚያውም ሥልጠና ይሰጥ የሚል ነው። ይህን አውቀነዋል። አሁን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን የሚለካ ጥናት ነው። ሁለት ሆስፒታሎች ይመረጡ፤ በአንደኛው የስትሮክ ሕመምተኛ ሁሉ ሲገባ የመዋጥ ፈተና ይደረግለት፣ አልጋው ላይ "በአፍ ምንም አይሰጥ" የሚል ጽሑፍ ይንጠልጠል፣ ማንበብ ለማይችል አስታማሚም በቃል ይነገረው፣ እንዴት ቀና አድርጎ እንደሚያጎርስና መቼ ማቆም እንዳለበት ይሠልጥን። በሌላው እንደተለመደው ይቀጥል። ከዚያ የሳንባ ምች የያዛቸውና የሞቱት ይቆጠሩ። አማካሪ መምህራን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቻቸው ርዕስ ሲያጸድቁ ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ቢጀምሩ መልሱን ከእኛው ዋርድ፣ ከእኛው አስታማሚ ጋር እናገኘዋለን።