እርማት፦ የማኘክ ድምፅ የሚያናድደው ሰው ሁሉ ጂኒየስ ነው እንዴ?

ወንድሜ "ማስታወቂያ ላይ የማኘክ ድምፅ የሚያናድደው ሰው ጂኒየስ ነው፣ በሳይንስ ተረጋግጧል" ያልከው ልክ አይደለም። በርግጥ ደስ ይላል፣ እኔም በሆነ ብዬ ነበር፣ ግን ወሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፣ እሱ ደግሞ ያየው በፈጠራ ስራ ብዙ ያሳኩ ሰዎች አእምሯቸው የማይፈልገውን ድምፅ ማጣራት ላይ ትንሽ ላላ እንደሚል ነው፣ ስለ ማኘክና ስለ ንዴት ምንም አላለም፣ ሚዲያው ነው የቀጠለበት።

ንዴቱ ግን የእውነት ነው። ሚሶፎኒያ ይባላል፣ ስሙን በ2001 ያወጡት ጃስትሬቦፍ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ2017 ደግሞ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሚሶፎኒያ ያለባቸውን ሰዎች እንዲህ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ሲያይ የልብ ምታቸው ሁሉ ይጨምር ነበር፣ ስለዚህ "ቅብጠት ነው" የምትሉትም ተሳስታችኋል። በነገራችን ላይ ማስታወቂያ የጠላ ሁሉ ሚሶፎኒያ አለበት ማለትም አይደለም። ሰውየው በርገሩን ገምጦ ሶሱ አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ከዛ ጣቱን አንድ በአንድ ሲልስ፣ ማይኩን አፉ ውስጥ የከተቱት እስኪመስል ሲያላምጥ ማንም ይቀፈዋል፣ ያ ቀርጨም የሚለው ድምፅ ራሱ ብዙ ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው ተቀድቶ የተለጠፈ ነው።

እኔማ ማስታወቂያው በጀመረ ቁጥር ሪሞት ፍለጋ ሶፋ ስገለብጥ ነው የምገኘው፣ ጂኒየስ ብሆን የት እንዳስቀመጥኩት አይጠፋኝም ነበር 😂