በራሱ ወጪ

ጀርመን አገር በራስ ወጪ ለመማር ድሃ መሆን አይከለክልም። ድህነቱን ከመጀመርህ በፊት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ብቻ ይጠበቅብሃል። ገንዘቡ «ብሎክድ አካውንት» በሚሉት ሂሳብ ይቆለፍና ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። የታሰበው ልጁ በሰው አገር እንዳይራብ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። በእኛ ሰፈር ግን ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ልጁን አገር ከማሻገር ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ያከራያል።

የእህቴ ልጅ ላይፕዚግ መማር የሚችልበትን የቅበላ ደብዳቤ ሲያገኝ ቤተዘመዱ ጉባኤ ተቀመጠ። «ትምህርቱ ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር የሁሉም ፊት በርቷል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ እንደ ባደን ቩርተምበርግ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ የሚያስከፍል ግዛት ቢኖርም አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርቱ አያስከፍሉም። ታላቅ እህታችን ግን «ነፃ ከሆነ ገንዘቡ ለምኑ ነው?» ብላ ጠየቀች። ለቀለቡና ለቤት ኪራዩ እንደሆነ ሲነገራት፣ «ትምህርቱን ያህል ነገር በነፃ የሰጡ ሰዎች ምሳ ያቅታቸዋል?» አለች። እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ የሰጣት የለም።

የጉባኤው አማካሪ በደርግ ዘመን እዚያው ላይፕዚግ የተማሩት የልጁ አባት ታላቅ ወንድም ነበሩ። ሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ አስተምሯቸዋል፤ መንግሥት አበል ቆርጦላቸዋል። «እኛ ስንሄድ አንድ ሻንጣ ነበር የያዝነው፤ የባንክ ወረቀት የሚባል ነገር ማን ጠየቀን!» አሉ። አበሉን የሚቆርጠው ምሥራቅ ጀርመን የሚባለው አገር በ1990 እ.ኤ.አ. ከነአበሉ ከካርታ እንደጠፋ ሊያስታውሳቸው የደፈረ አልነበረም። ምክራቸው ተመዝግቦ፣ ቡና ተደግሞ፣ ወደ መዋጮው ተገባ።

እህቴ የዕቁብ ዕጣዋን ተለማምጣ አስቀደመች። አንዱ መኪና ሊገዛበት ካጠራቀመው ቀነሰ፤ አንዷ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። እኔም እንደ አቅሜ ወረወርኩ። ብድር ይሁን ስጦታ ማንም በግልጽ አልተናገረም። ደብተር ላይ ግን ሁሉም ስሙ በትክክል መጻፉን አንገቱን አስግጎ አይቷል።

ይህ ሁሉ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። እሑድ ማታ «ሊሞላ ምንም አልቀረው» ብለን የዘጋነው ደብተር ሰኞ ጠዋት ጎድሎ ተገኘ፤ ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ መቶን ተሻገረ፤ ዩሮውም ተከተለው። የጎደለውን ለመሙላት ላይ ታች ስንል ጀርመኖቹ ደግሞ ከ11,208 ዩሮ ወደ 11,904 ከፍ አደረጉት። ነሐሴ እንኳን አላለቀም ነበር። በልመናም በብድርም ሞላና ልጁ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን «ልጁን ጀርመን የላክሁት እኔ ነኝ» የማይል ዘመድ ጠፍቷል። እናቱ ግን ለጎረቤት የምትናገረው በኩራት ነው፤ «በራሱ ወጪ ነው የሚማረው!»

ወጪውማ የራሱ ነው። ከምትለቀቀው 992 ዩሮ ላይ የክፍል ኪራይ፣ የጤና መድንና የሴሚስተር መዋጮ ይነሣል። በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ደግሞ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ይከፈላል። ቴሌቪዥን የለውም። ክፍያው ግን በቤት ነው የሚታሰበው፤ ጣሪያ ካለህ ታያለህ። እንዲሠራ ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ይፈቅድለታል፤ በግማሽ ቀን ከሆነ 280። ስለዚህ ሌሊት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጥቅል ሲለይ ያድርና ጠዋት ክፍል ገብቶ ያንጎላጃል።

እህቴ አንድ ቀን በቪዲዮ ስትደውልለት ሱፐርማርኬት ውስጥ አገኘችው። የክፍል ጓደኞቹ ግብዣ አድርገው የተዉትን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በከረጢት ሞልቶ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማሽን ቀዳዳ አንድ በአንድ እየከተተ ነው። ማሽኑ ጠርሙሱን ውጦ ያዞረዋል፤ አሽቶ ይጨፈልቀዋል፤ መጠጡ ሲገዛ ለጠርሙሱ የተያዘውን 25 ሳንቲም ለአንዱ ተመላሽ ብሎ ይመዘግባል። ከጀርባው መብራቱ ቦግ ብሏል፤ መደርደሪያው በአይብና በሥጋ ተሞልቷል። እናት ዓይኗን አሻሸችና «ልጄ፣ ሱቅ ከፈትክ እንዴ?» አለችው። እሱ «ገና ነው እማዬ» አለ። ማታ ቤተዘመዱ ውስጥ የተሰማው «ሱቅ ሊከፍት ነው» የሚል ነበር።

በማግስቱ ባለ መዋጮዎቹ ሰላምታ ማብዛት ጀመሩ። ጨዋዎች ናቸው፤ «ገንዘቤን መልስ» አይሉም። «መቼ ነው የምትመጣው?» ይላሉ። ቀጥሎ የጫማ ቁጥር ይመጣል። ሐብሏን የሸጠችው ዘመድ ስለ ወርቅ ጭራሽ አላነሳችም፤ በቪዲዮ ስታወራ ግን ባዶ አንገቷን ወደ ካሜራው ማስጠጋት ለምዳለች።

ባለፈው ሰሞን የልጁ ታናሽ እህት በተራዋ የቅበላ ደብዳቤ አገኘችና ያው ጉባኤ፣ ያው ደብተር፣ ያው አማካሪ ተሰበሰቡ። እሳቸው በድጋሚ ስለ አንድ ሻንጣቸው ነገሩን። መዋጮው ሲጀመር ማንም እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የልጁ ስም ተጻፈ። «እንጠይቀው እንጂ፣ ይኖረው ይሆን?» ብል ሁሉም በመገረም አዩኝ። ታላቅ እህታችን መልሱን አላዘገየችውም፤ «ምን ማለትህ ነው? አሥራ አንድ ሺህ ዩሮ እንዳለው በዓይናችን አይተን አይደል የላክነው!»