የላኩን ቤት የማን ነው?

አክስቴ ቱላ ነው የምትኖረው። የጤና መድን ደብተሯን ከመታወቂያዋ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። በየዓመቱ ታሳድሳለች፤ አንድም ዓመት አላሳለፈችም።

ባለፈው ክረምት አንገቷ ላይ ያለው እብጠት አሳሰባትና ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላት። ሐዋሳ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሰው አክባሪ ነው። እብጠቱን ደጋግሞ ዳበሰው፣ ምራቅ ዋጥ አስደረጋት። ከዚያ "እማማ፣ አልትራሳውንድ ያስፈልግዎታል። የኛ ማሽን ተበላሽቷል፣ ውጪ ነው የሚያሠሩት" አላት። ከመሳቢያው ትንሽ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ስምና ስልክ ታትሞበታል። "ሌላ ቦታ እንዳይሄዱ። የነሱን ውጤት ነው የማምነው" ብሎ ሰጣት።

በባጃጅ ሄድን። 1,200 ብር ከፈልን። ወረፋ ስንጠብቅ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። የንግድ ፈቃዱ በፍሬም ተሰቅሏል። ስሙን አነበብኩት፤ ጠዋት ያየን ሐኪም ስም ነው። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እሱ ራሱ ጋዋኑን ለብሶ ገባ። አክስቴ ስታየው ፊቷ በራ። "ተመስገን፣ የራሴው ሐኪም እዚህም አለ" አለችኝ።

ውጤቱ ደህና ሆነ። ስለዚህ ሐኪሙ አጭበረበራት እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ እብጠት በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። የምርመራ ቤቱ የእሱ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ሌላ ቦታ ስንት እንደሚሠራ መጠየቅ እንደምትችልም አላወቀችም። 1,200 ብሩ ደግሞ ለቤቷ ቆርቆሮ ካስቀመጠችው ላይ ነው የወጣው። መድን ያላት ሴት ናት እኮ!

ሐኪም በሽተኛን የራሱ ድርሻ ወዳለበት ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ ወይም ክሊኒክ ሲልክ በሕግ ቋንቋ የጥቅም ግጭት ይባላል። እኛ ዘንድ ግን "ውጪ አሠሩ" ብቻ ነው የሚባለው። ላኪ ለሆነ ሰው ኮሚሽን መስጠት ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ኮሚሽን ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የራስ ቤት ሲሆን ግን ማንም ምንም አይልም። እኔ እንደሚመስለኝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በአንደኛው ገንዘቡ በፖስታ ይመጣል፣ በሌላኛው በዓመት መጨረሻ በትርፍ መልክ ይመጣል።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ቀድመውናል። በእነሱ አቆጣጠር በ1989 የጤና መሥሪያ ቤታቸው ተቆጣጣሪ አንድ ጥናት አወጣ። ላብራቶሪ ውስጥ ድርሻ ያላቸው ሐኪሞች ታካሚዎች፣ ከአጠቃላይ የሜዲኬር ታካሚዎች 45 በመቶ የበለጠ የላብራቶሪ ምርመራ እንደሚደረግላቸው አሳየ። ሜዲኬር በዋናነት ለአረጋውያን የቆመ የመንግሥት የጤና መድን ነው። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ፒት ስታርክ ያመነጩት ሕግ ጸደቀ፤ ከ1992 ጀምሮም በላብራቶሪ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ቆይቶ ወደ ራጅ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ መድኃኒትና ሌሎችም ሰፋ። ሕጉ የሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንና የቅርብ ቤተሰቡን ድርሻም ይቆጥራል። ሐኪሙ ክፉ አስቦ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ አይጠይቅም። ድርሻ ካለና ከሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ካልገጠመው፣ መድኑ ለዚያ ምርመራ አይከፍልም። አለቀ።

ግን ሕጉ ከዓመት ዓመት እየተወሳሰበ ሄደ። ልዩ ሁኔታ በልዩ ሁኔታ ላይ ተደረበ። ተባብረው በሽተኛን በደንብ ለማከም የፈለጉ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ሳይቀሩ በጠበቃ ተከበው መሥራት ግድ ሆነባቸው። በ2020 መጨረሻ ደንቡን ያሻሻሉት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። እኛ ገና ከመጀመሪያው ስንጽፈው አጭርና ግልጽ ማድረግ እንችላለን።

አንድ ትልቅ ልዩነት ደግሞ አለ። የአሜሪካው ሕግ በመጀመሪያ የሚጠብቀው የመንግሥትን ካዝና ነው፤ ለተጨማሪው ምርመራ የሚከፍለው መድኑ ነውና። የኛ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሙከራ ተጀምሮ እዚህ ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውል የሚይዘው ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ነው። ስለዚህ አባሉ ወደ ግል ቤት ሲላክ መድኑ አይጎዳም፤ ሪፖርቱ ላይም አይታይም። የሚጎዳው አባሉ ነው፣ ከኪሱ ይከፍላልና። መዋጮውን ከፍሎ፣ ሰልፉን ተሰልፎ፣ በመጨረሻ እንደማንኛውም ሰው በጥሬ ብር ይታከማል። በሚቀጥለው ዓመት "ደብተሩ ምን ሊያደርግልኝ?" ብሎ ሳያሳድስ ቢቀር እንዴት እፈርድበታለሁ?

ይህን ጉዳይ ከአንድ ሐኪም ጓደኛዬ ጋር አንስተን ነበር። ተቆጣ። "የምርመራ ኬሚካሉ፣ ሪኤጀንቱ የለም፣ ማሽን ቆሟል፣ ጥገና ይምጣ ከተባለ ወራት አልፈዋል። በሽተኛውን የት ልላከው? በደመወዜ ቤተሰብ ማስተዳደር አልችልም፤ ማታ ካልሠራሁ አልኖርም" አለኝ። እውነቱን ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም የደረሱት በደስታ አልነበረም። በየመንግሥት ሆስፒታሉ ከሥራ ሰዓት ውጪ በተጨማሪ ክፍያ የሚታከሙበት የግል ክፍል የተከፈተውም ስፔሻሊስቱ ጥሎ እንዳይሄድ ነው። ሐኪም ማታ ክሊኒክ አይሥራ የሚል ሕግ ቢወጣ እኔ ራሴ እቃወማለሁ። ሐዋሳ ላይ አንዳንዱ ምርመራ የሚሠራበት የግል ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ሐኪሞቹ ቤታቸውን ዘግተው ቢሄዱ የሚጎዳው አሁንም በሽተኛው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ከሁሉ በላይ የምጓጓው መላክን ከሐኪሙ እጅ ማውጣት ነው። በሆስፒታሎቻችን ላይዘን ኦፊስ የሚባል ቢሮ አለ። ሥራው ሪፈር መቀበልና መላክ ነው። የመድን አባል ምርመራ ውጪ ማሠራት ካለበት ይኸው ቢሮ ይላከው። ሐኪሙ የሚጽፈው የምርመራውን ዓይነት ብቻ ይሁን፤ የቤት ስም አይጻፍ፣ ስም የታተመበት ወረቀትም መሳቢያው ውስጥ አይቀመጥ። ቢሮው ደግሞ መድኑ ቀድሞ ውል የያዘባቸውን ቤቶች ከነዋጋቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። በሽተኛው አንብቦ፣ ማንበብ ካልቻለም አስነብቦ ይምረጥ። ገንዘቡንም መድኑ ይክፈል። ሐኪሙ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ድርሻ ካለው ከቤቱ ስም ጎን ይጻፍ። የሚስቱ ወይም የወንድሙ ከሆነም እንደዚያው። ሌላ ቤት በሌለበት ከተማ ወደ ራሱ ቤት መላኩ አይከልከል፤ ግን ለበሽተኛው ይነገረው፣ ዋጋውም በውሉ ይወሰን። የአሜሪካው ሕግም ለገጠር አካባቢ ለየት ያለ ቦታ ሰጥቷል። ኮሚሽን ግን በምንም ሁኔታ አይፈቀድ።

ደንቡን የጣሰ ቤት ከሁሉ በፊት የበሽተኛውን ብር ይመልስ። መንግሥት የሚጥለው ቅጣት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅጣቱ ካዝና ገብቶ አክስቴ ያለ ቆርቆሮ ብትቀር ምን ይረባታል?

ጊዜውም አሁን ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የማስፈጸሚያ ደንቡ መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ይሁን ይላል። የመምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ገንዘብ ወደዚህ ቋት ሲገባ የግል ቤቶችም ውል ፈልገው በሩን ያንኳኳሉ። ያኔ ድርሻ ያላቸው ብዙ ይሆናሉ፤ ብዙ ከሆኑ በኋላ ደንብ ላውጣ ማለት ከባድ ነው። አሜሪካኖች ላብራቶሪው ተከፍቶ፣ ባለድርሻው በዝቶ ነበር የደረሱበት። ለዚህም ነው ያን ያህል የታገሉት።

አክስቴ ከስድስት ወር በኋላ ደግማ እንድትታይ ተነግሯታል። ያቺ ስም የታተመባት ወረቀት አሁንም ከመድን ደብተሯ ጋር በዚያው ፌስታል ውስጥ ናት። እንዳትጠፋባት ብላ።