እርማት፦ ሲሲኤችኤ የፈረሰው ሁሉም ቢግ ቴን ስለገቡ አይደለም

«የአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ሊግ የነበረው ሲሲኤችኤ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረሰው ቡድኖቹ ተጠራርገው ቢግ ቴን ወደሚባለው ሌላ ሊግ ስለገቡ ነው» የሚለው ስህተት ነው። ከ11ዱ የገቡት ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴትና ኦሃዮ ስቴት ብቻ ናቸው። መነሻው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አንድ ሊግ ለብሔራዊው ውድድር ቀጥታ ማለፊያ የሚያገኘው 6 ቡድን ሲኖረው ነው፣ ፔን ስቴት የሆኪ ቡድን ይዞ ሲመጣ ቢግ ቴን ስድስት ሞላለትና የራሱን የሆኪ ሊግ መሠረተ። ሌሎቹ ወደ ሌሎች ሊጎች ተበተኑ፦ ኖተርዳም ወደ ሆኪ ኢስት፣ ማያሚና ዌስተርን ሚሺጋን ወደ ኤንሲኤችሲ (ማያሚ የኦሃዮው ነው፣ የፍሎሪዳው አይደለም)፣ የቀሩት 5 ወደ ደብሊውሲኤችኤ ሄዱ።

ሲሲኤችኤ በ2013 ከመፍረሱ በፊት የመጨረሻውን የሊጉን ዋንጫ ሜሰን ካፕን ዲትሮይት ላይ ያነሳው ኖተርዳም ነው፣ ሚሺጋንን 3 ለ 1 ረትቶ። ሚሺጋን 22 ዓመት በተከታታይ ያልቀረበት ብሔራዊ ውድድር በዚያ ሽንፈት አመለጠው።