በአይጥ ላይ የዳነ ቁስል ለሰው ዋስትና አይሆንም

ሰሞኑን በአንድ የምርምር መድረክ ላይ የተናገሩ አንድ የሥራ ኃላፊ፣ ከአገር በቀል ዕፀዋት የተቀመመ የቁስል ቅባት በአይጦች ላይ ፈዋሽነቱ ስለተረጋገጠ በአፋጣኝ ወደ ምርት መግባት እንዳለበት፣ አያቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበትን መድኃኒት በሰው ላይ እንደገና መፈተን ጊዜ ማባከን እንደሆነ አስረድተዋል። አዳራሹም አጨብጭቧል። ንግግሩ ለባህላዊ ሕክምና ጥብቅና የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን ባህላዊ ሕክምናን ከዚህ በላይ የሚጎዳ አቋም የለም።

አያቶቻችን የመቅመቆ ሥር ወይም የክትክታ ቅጠል ወቅጠው፣ ሲያሻቸውም በቅቤ ለውሰው ቁስል ላይ አደረጉ እንጂ፣ ሜታኖል በተባለ 80 በመቶ የአልኮል ዓይነት ለ3 ቀናት ዘፍዝፈው፣ አጣርተውና ፈሳሹን አትንነው የቀረውን ጭማቂ ከፓራፊን ቅባት ጋር አልቀላቀሉም። በቤተ ሙከራ የተፈተነው ሌላ ነገር ስለሆነ የአያቶቻችን ልምድ ሊመሰክርለት አይችልም። ስለ ጥሬው ቅጠልም ቢሆን የሰማነው ከዳኑት አፍ ነው፤ ቁስሉ አመርቅዞ እግሩን ያጣው ሰው ወደ መድኃኒት አዋቂው ተመልሶ አቤቱታ አላስመዘገበም።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ግን «ተረጋገጠ» የተባለው ነገር ነው። በተለመደው ሙከራ የአይጧ ጀርባ ይላጫል፤ በማደንዘዣ ሥር ክብ ቁስል ይቆረጥባታል፤ 5 ወይም 10 በመቶ ጭማቂ ያለበት ቅባት በየቀኑ ትቀባለች፤ በየጥቂት ቀኑም ግልጽ ፕላስቲክ በቁስሉ ላይ ተደርጎ ጠርዙ በማርከር ይነደፍና ስፋቱ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ይቆጠራል። ነገር ግን አይጥ ከቆዳዋ ሥር የተነጠፈ ስስ ጡንቻ ስላላት፣ ይህ ጡንቻ የቁስሉን ዳርና ዳር እየጎተተ ያቀራርበዋል። የሰው ቁስል በአብዛኛው የሚዘጋው አዲስ ሥጋ ሞልቶ፣ በላዩም ቆዳ ከዳር ወደ መሐል አድጎ ነው። ይህን መኮማተር ለመግታት በቁስሉ ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት መስፋት የታወቀ ዘዴ ሆኖ ሳለ፣ ስንቱ ጥናት ያለ እርሱ ተሠርቶ ውጤቱ ይታወጃል! ደግሞም በንጹሕ ምላጭ የተቆረጠች ጤነኛ አይጥ ምንም ባትቀባ እንኳ በሳምንታት ውስጥ ትድናለች። እኛን ያስቸገረን ቁስል ግን በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ለወራት አልዘጋ ያለው፣ በሥጋ ደዌ ስሜቱን ባጣ መዳፍ ላይ የሚያመረቅዘው ነው። ጤነኛ አይጥ ስለዚህ ቁስል የምትነግረን ምንም ነገር የለም።

የዕፀዋት መድኃኒት በሰው ላይ የሚደረገውን ፈተና አይችልም የሚል ካለ ፊልሱቬዝ የተባለውን ጄል ይመልከት። ከበርች ዛፍ ቅርፊት የሚዘጋጀው ይህ ጄል፣ ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ የሚላጥ የዘር ሕመም ባለባቸው 223 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ በ45 ቀናት ውስጥ ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ከ100 41 ያህል ሆኑ። መድኃኒት የሌለውን ጄል ከተቀቡትስ? ከ100 29 ያህሉ ድነዋል። ያለ ማነጻጸሪያ ቢሠራ ኖሮ የእነዚህ 29ኙ መዳን ሁሉ ለመድኃኒቱ በተቆጠረ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022፣ አሜሪካም በ2023 ፈቃድ የሰጡት የልዩነቱ መጠን በሰው ላይ ስለታወቀ ነው።

የአይጥ ሙከራ መነሻ መሆኑን አልክድም። በሰው ላይ ለመፈተን አቅም የለንም የሚለውን ግን አልቀበልም። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት እና የማይድን ቁስል ይዘው የሚመጡ ሕሙማን የሚታከሙበት አለርት ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ግቢ ጎረቤታሞች ናቸው። ተመራማሪውና ሕመምተኛው በእግር በሚደራረሱበት አገር የጎደለው ፈቃደኝነት እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ ለማምረት የሚጣደፉ ሁሉ በሕሙማን ፈቃድ የተሠራ፣ ባዶውን ቅባት ከተቀቡት ጋር የተነጻጸረ አንድ ጥናት ይዘው ይቅረቡ፤ እስከዚያ ድረስ በቅባቱ ቱቦ ላይ «ቁስል ያድናል» የሚል ጽሑፍ እንዲታተም የሚፈቅድ ማንኛውም ፊርማ በሕሙማን እግር ላይ የተፈረመ ነው።