ጥርሱን ቁረጡት

ብርቅ የሆነ ቅሪተ አካል በመጋዝ ይቆረጥ ወይስ ሳይነካ ይቀመጥ? በሙዚየሞች ውስጥ የቆየ ክርክር ነው። ብዙ ሰው ገና ጥያቄውን ሲሰማ ይደነግጣል። ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ እጃችን የገባን ጥርስ ራሳችን እንሰንጥቀው? እኔ ግን ይቆረጥ ባይ ነኝ። ቢያንስ ጎርጎኖፕሲያን የሚባሉት አዳኞች ላይ ብዙም የሚያከራክር አይመስለኝም።

እነዚህ አውሬዎች የኖሩት ዳይኖሰሮች ገና ሳይታሰቡ፣ ፐርሚያን በሚባለው ዘመን ነው። የራስ ቅላቸው በብዛት የሚገኘው ደቡብ አፍሪካ፣ ካሩ ውስጥ ነው። ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ሩሲያም ተገኝተዋል። ድሮ «አጥቢ መሰል ተሳቢዎች» ይባሉ ነበር። አሁን ሳይንቲስቶች የሚመድቧቸው እኛን አጥቢዎቹን ባስገኘው የዘር ሐረግ ውስጥ ነው። ቀጥተኛ አያቶቻችን ባይሆኑም ዘመዶቻችን ናቸው ማለት ነው። ትልቁ ዓይነት ኢኖስትራንሴቪያ የራስ ቅሉ ብቻ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ክራንቻቸው ረጅምና ስል ነው፤ ሲወልቅ ደግሞ ሌላ ይተካል።

ይህን ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሞም ማየት ይቻላል። የጥርሱን ውስጥ ግን አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ይፋ በሆነ ጥናት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታንዛኒያ የተገኘ የጎርጎኖፕሲያን መንጋጋ ቆረጡ። ሊያዩ የፈለጉት ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነበር። መንጋጋውን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስተው ማይክሮስኮፕ ስር ሲያስገቡት ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የክራንቻው ሥር አጠገብ ጥቃቅን ጥርሶች ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል። ኦዶንቶማ የሚባል የጥርስ ዕጢ ነው። ዛሬ ሰው ላይ ሲገኝ ሐኪም ቀዶ የሚያወጣው ያው ዕጢ! እስከዚያ ድረስ ይታወቅ የነበረው ጥንታዊው ማስረጃ ከበረዶ ዘመን አያልፍም ነበር። ይህኛው 255 ሚሊዮን ዓመቱ ነው። ያ መንጋጋ ሳይቆረጥ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ኖሮ ዕጢውም አብሮ ተደብቆ ይቀር ነበር።

በ2020 ደግሞ ተራው የዛምቢያው ሆነ። የጎርጎኖፕሲያን ጥርስ ጠርዙ እንደ ማጭድ የተሸረካከተ ነው። ጥርሱ ሲቆረጥ የታየው በእያንዳንዱ ሽርክት መካከል ኢናሜል የሚባለው የጥርሱ ጠንካራ ልባስና ከሥሩ ያለው ዴንቲን ወደ ውስጥ ታጥፈው መግባታቸው ነው። ይህ አሠራር ጠርዙ ቶሎ እንዳይሰበር ያጠናክረዋል። ከዚያ በፊት እንደ ቲራኖሰረስ ያሉት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ብቻ ያላቸው ይመስል ነበር። ለካ የእኛ ወገን ቀድሟቸዋል። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ወገንተኛ ብሆን አይፈረድብኝም።

«ሲቲ ስካን እያለ መቁረጥ ምን አመጣው?» የሚሉ አሉ። ስካን ቅርጽን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ መቅደምም አለበት። ግን አለቱና አጥንቱ እፍጋታቸው ሲቀራረብ ምስሉ ይደበዝዛል። የሕብረ ሕዋሱ ጥቃቅን ዝርዝር ላይም ተራ ስካነር አይደርስም። የሚደርሱት ሲንክሮትሮን የሚባሉት፣ እጅግ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጩ ግዙፍ ማሽኖች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ አንድም የሉም። የአልማዝ መጋዝ፣ ሙጫና ማይክሮስኮፕ ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ከቆረጠ አያቅተውም።

ሉሲን ቁረጡ አላልኩም፤ እንዳትጣሉኝ! እሷን በ2008 አሜሪካ ውስጥ ስካን አድርገዋታል፤ ይበቃል። የአንድ ዝርያ ስም የተሰጠበት ናሙና አይነካም። ሙሉ የራስ ቅልም እንደዚያው። በ1914 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሶላስ የሚባሉ አባትና ልጅ የዳይሲኖዶንን፣ ማለትም የእነዚህን አዳኞች ሣር በል ዘመድ የራስ ቅል፣ በስስ በስሱ እየፈጩ ንብርብሩን አጥንተዋል። ትልቅ ትምህርት ተገኝቶበታል፤ ቅሉ ግን የለም። ዛሬ ያንን ማድረግ ጥፋት ነው።

እኔ የምለው የተሰበረ መንጋጋና ተነጥሎ የተገኘ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ስብርባሪ በየመጋዘኑ ሳጥን ሞልቶ ተቀምጧል። ለኤግዚቢሽን አይመረጥም፣ ጎብኚ አያየውም። ደቡብ አፍሪካ በ1999 ባወጣችው የቅርስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል ማበላሸት ክልክል ነው። ልክ ነው፣ ፈቃዱ ይኑር። ፈቃድ ሰጪው ግን መጋዝ በሰማ ቁጥር በሩን አይዝጋ። መጀመሪያ ስካን ይደረግ፣ ቅጂው በቅርጽ ማውጫ ይወሰድ፣ ከዚያ ይቆረጥ። የተቆረጠውም ስላይድ ውጭ አገር ያለ ፕሮፌሰር መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ከቀረው አጥንት ጋር በአንድ ቁጥር ተመዝግቦ ወደተገኘበት አገር ይመለስ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ዳሬሰላም ወይም ሉሳካ ሆኖ እንዲያየው።